ነገ ነይ ያልኋት ሴት

ሕመሙ የጀመረኝ ከአፍንጫዬ ነው። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል፤ እኔም አንዳንዴ አብሬ እስቃለሁ። እውነቱ ግን ይኸው ነው። ራሴን አልፈለጠኝም፣ ሆዴን አልቆረጠኝም፣ ትኩሳትም አልያዘኝም። ሽታ ነበር። ሌላ ሰው የማይሸተው፣ እኔን ብቻ የሚከተል ሽታ። እንጀራው ላይ አገኘዋለሁ፣ ደብተሬ ላይ አገኘዋለሁ፣ ታጥቦ ፀሐይ ላይ የዋለ ልብሴ ላይም አገኘዋለሁ።

ዛሬ ሽማግሌ ነኝ። የምኖረው ከመካነ ሰላም ትንሽ ወጣ ብሎ ነው፤ ጥቂት ገብስ እዘራለሁ፣ ጥቂት በጎች አሉኝ። የተማርሁ ሰው አይደለሁም። ደሴ መምህራን ማሰልጠኛ ገብቼ ዓመቱን ሳልጨርስ የወጣሁ ነኝ፤ እና አጻጻፌ ቢንሻፈፍ ይቅር በሉኝ። ይህን የምጽፈው ኮሌጅ ገብተው ለክረምት ወደ አገር የሚመለሱትን ልጆች ስለማይ ነው። አንዳንዶቹ ብዙ ነገር ያዩ ልጆች ናቸው። ጠዋት እጃቸው ይንቀጠቀጣል። እናቶቻቸው ጥናት ነው ያደከመው ይላሉ። የእኔም እናት እንዲሁ ብላ ነበር።

በስልሳ ስድስቱ ረሃብ ጊዜ ደሴ አስረኛ ክፍል ነበርሁ። ከቆላው የሚወጣው ሰው መንገዱን ሞልቶት፣ ከከተማው ወጣ ብሎ መጠለያ ተሠራ። መጠለያ እንበለው እንጂ ሁለት ዳስና የእሾህ አጥር ነው። ማንበብ መጻፍ የሚችል ሰው ተፈልጎ ተማሪዎች ተጠየቅን። እኔ በፈቃዴ ሄድሁ። ማንም አላስገደደኝም፤ ይህን መናገር ይገባኛል።

ሥራዬ መለየት ነበር። ገንፎው ለሁሉ አይበቃም። አለቃችን የነበረው ሰው ያወጣልን ደንብ አንድ ነው፤ በእግሩ መቆም ያቃተው ይገባል፣ የቆመ ሰው ነገ ይምጣ። የሚገባውን ሰው ክንዱ ላይ ቀይ ጨርቅ እናስርለታለን። ጨርቅ የሌለው በሩን አያልፍም። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ሌሊት ያለፉትን አንሥተን እንቀብራለን። ለዚህኛው ሥራ ስንወጣ አለቃው ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ መለኪያ አረቄ ይቀዳልን ነበር። ለሽታው ነው፣ መድኃኒት በሉት ይለናል። የቄስ ልጅ ስለሆንሁ ከዚያ በፊት ከጠላ ሌላ ቀምሼ አላውቅም። እንደ መድኃኒት ዓይኔን ጨፍኜ ጠጣሁት፤ እውነትም ሽታው ለጥቂት ሰዓት ሄደልኝ።

አንድ ቀን ሰልፉ ውስጥ የቆመች አንዲት ሴት ስናገር ሰማችኝና የአገሬ ልጅ ነህ አለችኝ። ከከላላ ነኝ አለች፣ የይመር ሚስት። ባሏ ሥራ ፍለጋ ቆላ ወርዶ ቀርቶባት፣ እሱን ልትፈልግ ወጥታ ስንቋ መንገድ ላይ እንዳለቀባት ነገረችኝ። ከላላ ከኛ የሁለት ቀን መንገድ ነው፤ ደሴ ላይ ግን ጎረቤት ማለት ነው። የአነጋገሯ ቃና የእናቴ ነው።

ያች ሴት ቆማ ነበር። የአጥሩን እንጨት ይዛም ቢሆን ቆማ ነበር። በዚያው ሳምንት ደግሞ ከጓደኞቼ አንዱ የአገሩን ሰዎች አስገባ ተብሎ በሰው ፊት ተዋርዶ ተባሯል። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ለሰው ፊት አታድላ እያለ ነው ያሳደገኝ። ቀዩ ጨርቅ እጄ ላይ ነበር። ሌላ አገር ሰው ብትሆን ኖሮ አስርላት ነበር፤ የአገሬ ልጅ ስለሆነች ፈራሁ።

"እትዬ፣ ነገ ነይ" አልኋት።

"ነገ?"

"አዎ፣ ነገ።"

"እሺ ወንድምዓለም" ብላ ተመለሰች። አልተቆጣችኝም።

በማግስቱ ከአጥሩ ሥር ካነሣናቸው አንዷ እሷ ነበረች። እግሯን የያዝሁት እኔ ነኝ። የዚያን ቀን አረቄውን ሦስት ጊዜ ጠየቅሁ፣ ሦስት ጊዜ ቀዱልኝ።

ከዚያ ንጉሡ ወረዱ፣ አብዮት መጣ፣ ትምህርት ተዘግቶ ዘመቻ ወጣን። ስመለስ ማሰልጠኛ ገባሁ። እዚያ ነው እንግዲህ ሕመሙ የበረታብኝ። የምግብ አዳራሹ በር ላይ ሰልፍ አለ። ሳህን ይዘን ተራ እንጠብቃለን። እኔ ሰልፉ ላይ መቆም አቃተኝ። ላብ ያጠምቀኛል፣ ያ ሽታ ይመጣል። ተራዬን ትቼ እወጣለሁ። አንድ ቀን ግን ቀድሜ ሁለት መለኪያ ጠጥቼ ብሄድ ልክ እንደ ሰው ቆሜ በላሁ። አገኘሁት አልሁ። ከዚያ ወዲያ ያለ አረቄ ምሳ በልቼ አላውቅም።

ከግቢው ጀርባ አንዲት አረቄ ሻጭ ነበረች፤ ቀልደኛ ሴት ናት። የቄስ ልጅ መሆኔን ሰምታ ስም አውጥታልኛለች። "ቄሱ መጡ፣ ተነሡ፣ ቅዳሴ ሊገባ ነው" ትላለች ገና ደጃፉ ላይ ስታየኝ። ቤቱ ሙሉ ይስቃል። እኔም እስቃለሁ።

ብቻዬን አልነበርሁም። መኝታ ክፍላችን ውስጥ ስድስት ነበርን፤ አራታችን እንጠጣለን። ቀን ለጥናት ብለን ጫት እንቅማለን፣ ጫቱ እንቅልፍ ሲከለክለን ለመተኛት አረቄ እንጠጣለን፣ አረቄው ሲያደነዝዘን ደግሞ ለመንቃት ጫት። አንዱ ታደሰ የሚባል ነበር። በዚያ በአብዮቱ የመገዳደል ጊዜ የወንድሙን ሬሳ መንገድ ዳር አይቶ፣ ታጣቂዎቹ ታውቀዋለህ ወይ ሲሉት አላውቀውም ብሎ ያለፈ ነው። ይህን የሰማሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ከሌላ ሰው ነው። አንድ ክፍል ውስጥ ተኝተን፣ ከአንድ ጠርሙስ ጠጥተን፣ እሱ የእኔን አላወቀ፣ እኔ የእሱን አላወቅሁ። ስለ ሁሉ ነገር እናወራ ነበር፤ ስለዚያ ብቻ አናወራም።

መጀመሪያ የማሰልጠኛው ክሊኒክ ሄድሁ። ጨጓራ ነው ተባልሁና እንደ ኖራ ያለ ነጭ መድኃኒት ሰጡኝ። ቀጥሎ ጠዋት ጠዋት መንቀጥቀጥ ሲመጣብኝ ወባ ነው ተባለ፤ ያንን መራራ ክኒን ጆሮዬ እስኪጮህ ዋጥሁ። ከዚያ ዓይኔ ቢጫ ሆነ። ትልቁ ሆስፒታል ላኩኝ። እዚያ አግዳሚው ላይ ከንጋት ጀምሮ ተቀምጬ ተራዬ የደረሰው ከሰዓት በኋላ ነው። አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት የወረኢሉ እናት እጄ ሲንቀጠቀጥ አይተው፣ ምንም ሳይጠይቁ ነጠላቸውን ዘርግተው እጄን ሸፈኑልኝ። "አብሽር፣ ያልፋል" አሉኝ። ከዚያ ሆስፒታል የማስታውሰው መድኃኒት እሱ ብቻ ነው። ሐኪሙ ጉበትህ ታሟል፣ ሥጋ አትብላ አለኝ። ትጠጣለህ ወይ ብሎ ሲጠይቀኝ ለበዓል ብቻ አልሁ። ዋሸሁት። እሱስ ምን ያድርግ።

አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ወድቄ ምላሴን ነክሼ ተነሣሁ። በሕመም ምክንያት ተብሎ ወደ ቤት ተሸኘሁ። ታላቅ ወንድሜ አያ ሞላ መጥቶ ወሰደኝ። መኪና የሚሄድበት ድረስ በጭነት መኪና፣ የቀረውን በበቅሎ። አገራችን ስንቃረብ፣ "መምህር ይሆናል ብለን የላክነው ልጅ ማሰሮ ሆኖ መጣ" አለ፣ ለበቅሎዋ ነው የሚነግራት። ቃሉ መራራ ነበር፤ ግን ከኮርቻው እንዳልወድቅ ወገቤን ይዞ በእግሩ የሄደው እሱ ነው።

አገር ቤት ምክንያቱ ወዲያው ተገኘ። መተት ነው ተባለ። የቄስ ልጅ ተምሮ ሰው ሊሆን ሲል ቀንተው አሠሩበት። እናቴ እምዬ ማን እንዳሠራብኝ ስታስብ ስንት ጎረቤት ጠላች። ጠበል ወሰዱኝ። ስለ ጠበሉ ክፉ አልናገርም። ሦስት ሱባዔ ከአረቄ ርቄ፣ ቀዝቃዛ ውሃ እየተጠመቅሁ፣ ቆሎ እየበላሁ ሰነበትሁ፤ የመጀመሪያዎቹን ቀናት እንዴት እንዳለፍኋቸው እግዚአብሔር ያውቃል። ወጣሁ። አራት ወር ሙሉ አልጠጣሁም። ጉንጬ ሞላ፣ ማረስ ጀመርሁ፣ አያ ሞላም ሰው ሆንህ ይለኝ ጀመር።

አሁን የምነግራችሁ ነገር እኛ ጋ ብቻ የሚሆን ይመስለኛል። እምዬ ስእለት ነበረባት። ልጄን ካዳንህልኝ ጠላ ጠምቄ፣ ዳቦ ጋግሬ እዘክርሃለሁ ብላ ለሚካኤል ተስላለች። በኛ ደብር ደግሞ የስእለት ጽዋ ሲቀዳ ከሁሉ ፊት የሚቀምሰው የዳነው ሰው ነው። እሱ ሳይቀምስ ካህናቱም ሕዝቡም አይቀምሱም። በሚካኤል ቀን ደጀ ሰላሙ ሙሉ ሰው ተቀምጦ፣ ካህኑ ጸሎት አድርሰው፣ ጽዋው ወደ እኔ መጣ። የገብስ ጠላ ነው፤ ሽታው ደረቴ ድረስ ገባ። አፌ ውስጥ ምራቅ ሞላ። እጄን አልዘረጋሁም።

እምዬ ከሴቶቹ መካከል ብድግ አለች። "ቅመስ እንጂ ልጄ" አለችኝ። "የሚካኤል ጠላ ማንን ጎድቶ ያውቃል።"

ያ ሁሉ ሰው ያየኛል። አልችልም ብል ስእለቷን ማዋረድ ነው። ቀመስሁ። ሕዝቡ እልል አለ። እኔ ጽዋውን ጨርሼ ሁለተኛ ጠየቅሁ፤ እንደ ደስታ ቆጠሩልኝ።

በሦስተኛው ቀን ገበያ ወርጄ አረቄ ቤት ተገኘሁ። ያሁኑ ከፊተኛው ሰባት እጥፍ ከፋ። አያ ሞላ ማነጋገሩን ተወ። እምዬ ደግሞ ስእለቴ አንሶ ነው ሚካኤል የተቆጣው ብላ ደመደመችና፣ ጌሾውን እጥፍ አድርጋ ለሁለተኛ ዝክር ትጠምቅ ጀመር። ልጇን በገዛ እጇ እያመመችው እንደሆነ የሚነግራት አልነበረም። የማውቀው እኔ ነኝ፤ እኔ ዝም አልሁ።

ያን ዝክር ስለፈራሁ አረቄውን ብቻዬን ልተወው ብዬ ጎተራ ውስጥ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። በሁለተኛው ቀን ላብ፣ ትውከት፣ መንቀጥቀጥ። ከመጠለያው አጥር ሥር ያነሣናቸው ሰዎች ጎተራው ውስጥ ተሰልፈው አየኋቸው። እየጮህሁ ወድቄ ተንፈራገጥሁ። በቃሬዛ ተሸክመው መካነ ሰላም ጤና ጣቢያ አደረሱኝ። ይህን ልብ በሉት፤ ብዙ ዘመን የጠጣ ሰው ብቻውን በድንገት ሲያቆም ሊሞት ይችላል። እኔ ይህን አላውቅም ነበር።

የጤና ጣቢያው ድሬሰር፣ እንደ ሐኪም የሚያክመን ሰው፣ ሰይድ ይባላል። ቀጭን፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። መርፌ ወጋኝ፣ ስኳር ውሃ አጠጣኝ፣ ከአጠገቤ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ለአያ ሞላ ወባም መተትም አለመሆኑን አስረዳው። ሰውነቱ አረቄውን እንደ ምግብ ለምዶታል፣ ሲቀርበት ይናወጣል፣ እዚህ ከእኔ ጋር ቀስ እያልን እናስተወዋለን አለው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

"መጀመሪያ የጠጣኸው የት ነው?"

ይህን እስከዚያ ቀን ድረስ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ስንት ትጠጣለህ ይሉኛል፣ ለምን አትተውም ይሉኛል። የት ብሎ የጠየቀኝ የለም።

"ሬሳ ስናነሣ" አልሁት።

ሰይድ አልደነገጠም። እሱም በረሃቡ ዘመን ሌላ መጠለያ ውስጥ ሠርቶ ኖሯል። "እኔ መርፌና ክኒን ነው ያለኝ" አለኝ። "መንቀጥቀጡን አቆምልሃለሁ ኢንሻአላህ። ሌላውን ግን ለአንድ ሰው መናገር አለብህ። ከተናገርኸው በኋላም ይከብዳል፤ ሳትናገረው ግን እዚሁ ትመለሳለህ።"

ዘጠኝ ቀን ተኛሁ። እምዬ አጠገቤ መሬት ላይ ተቀምጣ ትውላለች። በአምስተኛው ቀን ነገርኋት፤ ስለ ጠላው ብቻ። ያ ጽዋ ነው የጣለኝ አልኋት። የጠመቀችውን ሁሉ እቤት ሄዳ መሬት ላይ ደፋችው አሉ። ራሷን ይቅር ያለችበትን ቀን አላየሁም፤ ያንን የኔ ዕዳ አድርጌ ይዤዋለሁ።

ሌላውን የነገርሁት ለንስሐ አባቴ ለአባ ተክሌ ነው። በአባቴ ቦታ ደብሩን የሚያገለግሉ፣ ቆጣ የሚሉ ሽማግሌ ናቸው። ሁሉንም ነገርኋቸው፤ ቀዩን ጨርቅ፣ ነገ ማለቴን፣ እግሯን መያዜን። ጾም ያዙኛል፣ ስግደት ይሰጡኛል ብዬ ስጠብቅ ስሟን ጠየቁኝ።

"አላውቀውም አባ። የይመር ሚስት ነኝ ብላኛለች።"

"ፍትሐት አልተደረገላትም?"

"የለም አባ።"

"እኔ ልፍታት፤ ግን ምን ብዬ ነው የምፈታት? የይመር ሚስት ብዬ?" አሉ። "ንስሐህ ይኸው ነው። ከላላ ሂድ። ያደረግኸውን ተናገርና የክርስትና ስሟን ይዘህ ና።"

ብደበደብ ይሻለኝ ነበር። አንድ ወር ሙሉ ሰበብ ፈለግሁ፤ ጉልበቴ አልጠናም፣ አጨዳ ደርሷል።

ኋላ እንዳልረሳው ልጆቹን የምመክረውን እዚህ ላይ ልበል። ከአረቄና ከጫት ተጠንቀቁ ብላችሁ፣ ይህንን አንተ አትንገረን ትሉኛላችሁ፤ ትክክል ናችሁ። እኔ የምለው ሌላ ነው። ያያችሁት ነገር ካለ ወይም ያደረጋችሁት ነገር ካለ፣ ሳይቆይ ለአንድ ሰው ንገሩ። ለሐኪም ይሁን፣ ለካህን ይሁን፣ ለሼህ ይሁን፣ አጠገባችሁ ለተኛው ልጅ ይሁን። ሐኪሙ ትጠጣለህ ወይ ሲላችሁ አትዋሹ። የጀመራችሁም ብቻችሁን ክፍል ዘግታችሁ ለመተው አትሞክሩ፤ ሐኪም ባለበት ተዉት። ወላጆችም የተወ ልጅ በበዓል ቀን አንገቱን ሲደፋ ቅመስ አትበሉት። ዳንሁ ብዬ አልዋሻችሁም፤ ከዚያ ወዲህም ሁለት ጊዜ ወድቄአለሁ። ትምህርቴንም አልጨረስሁም፤ መምህር አልሆንሁም። በሕይወት አለሁ፤ ያ ነው ያገኘሁት።

ከላላ ሁለት ቀን በእግሬ ሄጄ ደረስሁ። ይመርን ማሳው ላይ አገኘሁት። ከቆላ በሕይወት ተመልሶ፣ ቤቱን ባዶ አግኝቶ፣ ሚስትህ ቆላ ወርዳ ሌላ አግብታለች ብለውት እሱን አምኖ የሚኖር ሰው ነው። እኔን ሲያየኝ የእህል ገዥ መስዬው ነበር። ቆሜ ነገርሁት። አንተን ፍለጋ ነው የወጣችው አልሁት። የቀረውንም አልሸሸግሁም።

ይመር መንሹን ጨብጦ ያዘ። መታኝ አልመታኝ ብዬ አላሰብሁም፤ ቢመታኝ ደስ ይለኝ ነበር።

"ቆማ ነበር?" አለኝ በመጨረሻ።

"ቆማ ነበር።"

"ምን አለችህ?"

"እሺ ወንድምዓለም ነው ያለችኝ።"

ትቶኝ ወደ ማሳው ዳር ሄደና ጀርባውን ሰጥቶኝ ተቀመጠ። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ አልተነሣም። እኔም ከነበርሁበት አልተነቃነቅሁም። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል። ይቅር በለኝ ልለው አፌን ስከፍት በእጁ ከለከለኝ።

"ይቅርታውን ከኔ አትፈልግ" አለኝ። "እኔም ትቻት የወረድሁ ነኝ።"

ከዚያ የክርስትና ስሟን ነገረኝ። ወለተ ኪዳን ናት። እንዳልረሳው ሦስት ጊዜ አስደገመኝ። ልሄድ ስነሣ እስከ አጥሩ ሸኘኝና ክንዴን ያዘኝ።

"ሰው የሚጠራት ብርቄ ብሎ ነበር" አለ። "ስታወራኝ ያች ሴት፣ ያች ሴት ትላለህ። ሁለተኛ እንዲያ አትበላት።"

አባ ተክሌ ፍትሐቱን ሲያደርሱ ይመር ያን ሁሉ መንገድ በእግሩ መጥቶ ቆመ። ከእኔ ራቅ ብሎ ነው የቆመው። ወለተ ኪዳን ሲሉ ሁለታችንም መሬት ሳምን። ሲያልቅ ሳይሰናበተኝ ወደ ከላላ አቀና። እኔም ቤቴ ገብቼ ለእምዬ ስለ ብርቄ ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኋት።